ጎሹ ለምን ይቅርታ ጠየቀ

በዚያ ጫካ ሁሉም ነገር ሥርዓት ነበረው። አንበሳ ይገዛል፣ ጅብ ያስቀምጣል፣ ቀበሮ ይጽፋል፣ የቀረው ይሰለፋል። ወደ ውሃው የሚያወርደው መንገድ አንድ ብቻ ነው። በገደልና በረግረግ መካከል የሚያልፍ ቀጭን መንገድ ስለሆነ ጉሮሮ ይሉታል። ጠዋት ጠዋት ዝሆኑም ጎሹም ጃርቱም የሚወርዱት በዚያው ነው። ከባዱ ቀላሉን መርገጡ አይቀርም፤ በየዓመቱ የተወሰነ እግር ይሰበራል፤ ነዋሪውም ይህን እንደ ክረምት ጭቃ ለምዶት ይኖር ነበር።

አንበሳው አዛኝ ንጉሥ መባል ይወድ ስለነበር አንድ ቀን አዋጅ አስነገረ። ከፍየል የሚከብድ ሁሉ ክረምት በወጣ ቁጥር አንድ ሸክም ሣር ለመድን ጎተራ ያግባ፤ አንዱ ሌላውን ቢረግጥ የተረገጠው እስኪድን ድረስ ከጎተራው ይብላ የሚል ነበር። ሣሩን ያገባ ሁሉ በቀንዱ ላይ፣ ቀንድ ከሌለው በጆሮው ላይ፣ የልጥ ማሰሪያ ይታሰርለታል። ከፍየል የሚከብድ ሁሉ ያለ ማሰሪያ ጉሮሮ መግባት ተከለከለ። አዋጁ መልካም ነበር፤ መልካም አይደለም ያለ አላጋጠመኝም።

የጎተራው ጠባቂ ሆኖ የተሾመው ጅብ ነው። ሣር ስለማይበላ አይሰርቅም ተብሎ ነው። እውነትም ሥልጣን ላይ በቆየበት ዘመን ሁሉ አንዲት ሰበዝ አልቀመሰም። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ይኼኛው ግን በሚያውቁት አገር፣ በሕጋዊ መንገድ የገባ ሣር ላይ ተጋድሞ ይውል ነበር። ጎተራው በጎደለ ቁጥር ጎኑን ይቆረቁረዋል። ስለዚህም ጉዳት የሚመረምር ገማች ያስፈልጋል ብሎ ቀበሮን ቀጠረ። ካሳ ያላገኘ ቁስለኛ ምን እንደሚሆን፣ የሞተውንስ ማን እንደሚበላው፣ ጅብ ሲሾም የጠየቀ አልነበረም።

አንድ ማለዳ፣ ዝናብ ባደረ ማግስት፣ ሚዳቋ ወደ ውሃው ትወርዳለች። ከወለደች አሥራ አምስት ቀኗ ነው፤ ግልገሏን ቁጥቋጦ ውስጥ ደብቃ፣ ጠጥታ ቶሎ ለመመለስ ትቸኩላለች። ከኋላዋ ጎሹ ነበር። እሱም ቸኩሏል። ጭቃው አዳለጠውና የኋላ እግሯን ረገጠው። እግሩ ሲሰበር ከበስተኋላ የተሰለፉት ሁሉ ሰሙ።

ጎሹ ወዲያው ተንበረከከ።

«እኔን ይስበረኝ፣ እመት ሚዳቋ። አላየሁሽም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ከዚያ ዝንጀሮዎች ደግፈው ቤቷ አደረሷት። በነጋታው ጎሹ የአባቶቹን ወግ አልረሳም። ትልቅ ድንጋይ በጫንቃዬ አሸክሙኝ ብሎ፣ ዔሊንና ሽማግሌውን ከርከሮ አስቀድሞ፣ ከሚዳቋ ቁጥቋጦ ፊት ቆመ። በዚያ አገር በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ ከቆመ ተበዳይ ዝም ማለት አይችልም። ዝም ያለ እንደሆነ ልጁን የሚያገባለት፣ ሲሞትም የሚያለቅስለት አይኖርም።

«ስለ እግዚአብሔር» አለ ዔሊው።

ሚዳቋ እግሯ አብጦ ከሕመሙ ብዛት ዓይኗን መግለጥ ይከብዳት ነበር። ያም ሆኖ ድንጋዩ ሲከብደው አየችና አዘነችለት።

«አውርዱለት፤ አንገቱ ተቀጠፈ» አለች። «ይቅር ለእግዚአብሔር።»

ድንጋዩ ወረደ፤ ሁሉም መረቁ። ጎሹ እንባውን በጉልበቱ ጠርጎ፣ በቀንዱ ላይ ያለውን ማሰሪያ አሳያት።

«እስክትድኚ ድረስ አታስቢ። ሰባት ዓመት ሙሉ ሣር አግብቻለሁ። ከጎተራው ይመጣልሻል።»

በሦስተኛው ቀን ቀበሮ መጣ። እግሩን ከላይም ከታችም ለካ፤ አሸተተው፤ ጻፈ።

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

«አራት።»

«እንግዲህ እግሩም የአራት ዓመት እግር ነው። አዲስ እግር እንደተሰበረ ተደርጎ አይገመትም። የቀሩት ሦስቱ ይሠራሉ?»

«ይሠራሉ።»

«ይሠራሉ» ብሎ ጻፈ። «አንቺ በዚህ ጉዳይ ሦስተኛ ወገን ነሽ።»

«አንደኛው ማን ነው?»

«ጎሽ።»

«ሁለተኛውስ?»

«ጎተራው።»

ሚዳቋ ወደ ተሰበረው እግሯ አየች። «የተረገጥኩት እኔ ሆኜ ሳለ ሦስተኛ የወጣሁት በምን ተወዳድሬ ነው?»

ቀበሮ ይህን አልጻፈውም። ይልቅ ጎሹ ምን እንዳላት ጠየቃት። ሚዳቋ ደግሞ ጎሹን ለማመስገን የሚጠይቃት ያገኘች መስሏት፣ መንበርከኩን፣ ጥፋቱ የኔ ነው ማለቱን፣ ድንጋዩን፣ ይቅር ማለቷን፣ ምርቃቱን አንድ ሳታስቀር ነገረችው።

«እንዲህ ያለ ጨዋ መገኘቱ ደስ ይላል» አለ ቀበሮ፤ ሁሉንም ጻፈ።

በሰባተኛው ቀን ጉባኤ ተጠራ። ሚዳቋን ዝንጀሮዎች በቅርንጫፍ ተሸክመው አመጧት። ሄዳ ሣር መጋጥ ባልቻለችባቸው በእነዚያ ቀናት ወተቷ መቀነስ ጀምሮ ነበር፤ ግልገሏም ጠብታ ስታጣ የእናቷን ጎን በግንባሯ ትጎስም ነበር። የመጣችው ለዚህ ነው። እግሯ ቢቆለመም ግድ አልነበራትም፤ ወተቷ እንዳይደርቅ ግን ሣር ያስፈልጋት ነበር።

ጅቡ ተነሣና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ንጉሥ ሆይ፣ በጉዳቱ እንደ ማንም አዝናለሁ። ነገር ግን ውሉ እንዲህ ይላል፤ ማሰሪያ ያሰረ፣ ጎተራው ሳይፈቅድለት ጥፋቱን ያመነ እንደሆነ፣ ጉዳዩ ጎተራውን አይመለከትም። ጎሽ አምኗል። ድንጋይ ተሸክሞ አምኗል። ስለዚህ ጎተራው ነጻ ነው። የሚጠየቅ ካለ ራሱ ጎሽ ነው። ጎሽ ግን ይቅር ተብሏል። ይቅር የተባለን መልሶ መጠየቅ ነውር ነው። ይህን ነውር ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ባህላችሁ ነው።»

ጎሹ ከተቀመጠበት ተነሣ።

«ታዲያ ምን ማለት ነበረብኝ?»

«ምንም።»

«እግሯ ከእግሬ ሥር ነበር እኮ፣ አያ ጅቦ።»

«እሱን ጎተራው ያጣራል።»

«እኔ እያየሁት?»

«አንተ ባለጉዳይ ነህ። ማየትህ ዋጋ የለውም።»

ዔሊው በዝግታ አንገቱን አወጣ። «ይህ ውል የት ነው የተጻፈው? እኔ ሁለት መቶ ዓመት እዚህ ስኖር አላየሁትም።»

«በጎተራው ወለል ላይ ተቀርጿል» አለ ጅቡ። «ለሁሉም ክፍት ነው።»

«ወለሉ ላይ ሣር አለ፤ ሣሩ ላይ አንተ አለህ።»

«ቀጠሮ ይዞ የመጣ አልከለከልኩም።»

በመጨረሻ ሚዳቋ እንድትናገር ተፈቀደላት። ቆማ ለመናገር ሞክራ አቃታት።

«ይቅር ያልኩት ቂሙን ነው» አለች። «እግሬን ይቅር አላልኩም። እግር ይቅር አይባልም፤ ተሰብሯል። እኔ ጎሽን አልጠላውም። ጎሽም ጥፋቴ ነው ይላል። ሣሩ ጎተራ ውስጥ አለ። ሦስታችን ተስማምተን ልጄ የምትራብበት ምክንያት አልገባኝም።»

የአንበሳው ዓይን እንባ አቀረረ።

«አንጀቴን በላችው» አለ። «ውሉን ያወጣው ማን ነበር?»

«እርስዎ» አለ ጅቡ።

«እንግዲያው ልክ ነው።»

ፍርዱ በዚህ አበቃ። ንጉሡ ግን ሌላው እንደ ጎሽ ተሳስቶ እንዳይጎዳ በማሰብ አንድ ተጨማሪ አዋጅ አወጣ። ከእንግዲህ በጉሮሮ አደጋ ቢደርስ፣ ቀበሮ መጥቶ እስኪጽፍ ድረስ፣ ማንም «እኔን» አይበል፤ «አይዞህ» አይበል፤ የወደቀውን አያንሣ፤ መንካትም እንደ ማመን ይቆጠራል። ይህ ለነዋሪው ጥቅም ሲባል የወጣ ነው ተብሎ ሦስት ጊዜ ተነገረ።

ጎሹ ከዚያ ወዲያ በየቀኑ በሚዳቋ ቁጥቋጦ አጠገብ ሲያልፍ ከአፉ ሣር ይወድቅበት ጀመር። አይቆምም፤ ዞር ብሎም አያያትም። እሷም አታመሰግነውም። ግልገሏ እንደገና መፈንጨት ጀምራ ነበር። በስድስተኛው ቀን ቀበሮ መጥቶ የወደቀውን ሣር ለካ። በየቀኑ በአንድ ቦታ የሚወድቅ ሣር ጥፋትን ማመን ነው ተባለና የጎሹ ማሰሪያ ተፈታ። ያለ ማሰሪያ ጉሮሮ መግባት ስለማይቻል ጎሹ ውሃ ፍለጋ ተራራውን ተሻግሮ ሄደ።

የሚዳቋ ወተት ከዚያ በኋላ አራት ቀን ቆየ። ግልገሏ ጎሹ በሄደ በዘጠነኛው ቀን ሞተች። ማን እንደወሰዳት ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እኔ መድገም አልፈልግም። ይህን ተረት ብዙ ጊዜ አውርቼዋለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ያመኛል።

ሚዳቋ ግን ዳነች። እግሯ ተቆልምሞ ገጠመ። በበጋው አጋማሽ እያነከሰች እንደ ሌላው ወደ ውሃው መውረድ ጀመረች። በሰልፉም አዲሱ ሥርዓት ሰፍኖ አገኘችው። የወደቀ ካለ ተራምደውት ያልፋሉ፤ የረገጠ ወደ ሰማይ ያያል። ድንጋይ የሚሸከም ቀርቶ እንቅፋት የመታውን አይዞህ የሚል አልነበረም። ጎተራው እስከ ጣራው ሞልቶ ነበር፤ ጅቡም በእድሜው እንደዚያ ዓመት ተመችቶት አያውቅም።

አንድ ቀን አንበሳው ሥርዓቱን በዓይኑ ለማየት ጉሮሮ ወረደ። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ከኋላ የመጣ ግፊያ እየተላለፈ መጥቶ ንጉሡን ከመንገዱ ገፈተረውና ረግረጉ ውስጥ ጣለው። ማን እንደገፋ እስከ ዛሬ አልታወቀም። እስከ ደረቱ ሰመጠ። ሰልፉ ቆመ።

«ማን አለ?» አለ አንበሳው።

ሁሉም ነበሩ። ዝሆን ነበር፤ ከርከሮ ነበር፤ ዝንጀሮዎች ነበሩ። አለሁ ማለት ምስክርነት ስለሆነ ማንም አልመለሰም።

ጅቡ እየሮጠ ደረሰ። ከዳር ቆሞ አፉን ከፈተ፤ ዙሪያውን አየና መልሶ ዘጋው። «ቀበሮን ጥሩት» አለ። ቀበሮ ከወንዙ ማዶ የዝሆን ጥርስ ሊገምት ሄዶ ነበር፤ የሁለት ቀን መንገድ ነው።

ጭቃው እስከ ትከሻው ደረሰ። አንበሳው አንገቱን ሲያዞር ለዳሩ ከሁሉ የቀረበችውን ሚዳቋን አየ። ከእግሯ ሥር ጠንካራ ሐረግ ተጋድሟል። አንዱን ጫፍ ወርውራለት ሌላውን ለዝሆን ብታቀብለው ይበቃ ነበር።

«እመት ሚዳቋ» አለ። ድምፁ የንጉሥ አልነበረም። «አውቃለሁ፣ በድዬሻለሁ። ስለ ልጅሽ ይቅር በይኝ። ሐረጉን ወርውሪልኝ።»

ሚዳቋ አየችው። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«ይቅር ብዬዎታለሁ፣ ጌታዬ» አለች።

ከዚያ ሐረጉን እንዳትነካ የተሰበረውን እግሯን ከፍ አድርጋ ተሻገረችውና ወደ ውሃው ወረደች። ከኋላዋ የቀሩትም ተራቸውን ጠብቀው እየተሻገሩት ወረዱ።