ዝንጀሮ ያመጣው አፈር

ለመሆኑ ጎረቤት ሳትለምኑት አፈር ሲሰጣችሁ ከየትኛው ጥልቀት እንደወጣ ትጠይቃላችሁ?

ተረት ተረት፤ የቤት መሠረት። ዝንጀሮ ለቤቱ መሠረት ቆፍሮ የወጣውን አፈር ለባልቴቷ ኤሊ አመጣላት። ኤሊ ከአንዲት የጎመን መደብ በቀር መተዳደሪያ አልነበራትም።

«ጥቁር አፈር ነው፣ እማማ! ድንጋይ ብትተክይበት ይበቅላል።»

«ላዩማ ጥቁር ነው» አለች በጎሪጥ እያየችው። ቢሆንም ስጦታ መመለስ ነውር ነውና መደቧ ላይ አስደፍታ ችግኟን ተከለችበት። ከጥቁሩ ሥር ግን ከጉድጓዱ ወለል የወጣ ነጭ ጭንጫ ነበርና ችግኙ በሙሉ ደረቀ።

ዝንጀሮ በሬንና አህያን ለሽምግልና ላከ።

«ሳያውቅ ነው፣ እትዬ ኤሊ፤ ይቅር በይው» አለ በሬ።

ኤሊ ሰኮናቸው ላይ የተጣበቀውን ጥቁር አፈር አየች። «የእናንተስ ጎመን እንዴት ነው?»

«ተመስገን! ዝንጀሮ በሰጠን ጥቁር አፈር ጉልበት ደርሷል» አለ አህያ። በሬ እግሩን ረገጠው።

«እሱንም እናንተንም ይቅር አልልም» አለች ኤሊ።