የተቆለፈው ፓምፕ

ለአንዲት የቆላ መንደር ውሃ እንዲያመጣ የታመነ አንድ ሰው ነበረ።

ሲስተር ትርንጎ፣ ለጤና ጣቢያሽ የበሽተኞችን መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም ልትገዢ ሦስት ድርጅቶች መጥተውብሽ፣ «ጋሼ፣ የትኛውን ልምረጥ?» ብለሽ የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። መጀመሪያ ግን የዚህን ሰው ነገር ስሚኝ።

ሰውየው ሌባ አልነበረም። አስቀድሜ ይህን የምነግርሽ፣ እንዲህ ያለ ታሪክ ሲጀመር ሰው ሁሉ ጉቦ በልቶ ይሆናል ብሎ ስለሚጠብቅ ነው። የተማረ ሰው ነበር፤ ደብዳቤ መጻፍ፣ ቢሮ ገብቶ ማስረዳት ያውቃል። ስለዚህም የመንደሩ ሰዎች የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ አደረጉት። በዚያ መንደር ሴቶች ውሃ የሚቀዱት ቁልቁል ሁለት ሰዓት ተጉዘው ከወንዝ ነበር። በበጋ ወንዙ ሲደርቅ አሸዋውን በእጃቸው እየቆፈሩ የሚጠራቀመውን በጣሳ ይጨልፋሉ። ሰብሳቢው አራት ዓመት ሙሉ ደጅ ጠንቶ ጉድጓድ አስቆፈረ፤ በጥልቁም ንጹሕ ውሃ ተገኘ። የቀረው ውሃውን ወደ ላይ የሚያወጣ ፓምፕ መምረጥ ብቻ ነበር።

ሁለት ሻጮች መጡ። የመጀመሪያው በመኪና መጣ። ያመጣው ፓምፕ በሶላር የሚሠራ ሆኖ፣ ከጎኑ ነጭ የብረት ሳጥን ነበረው። ለየቤቱ አንዳንድ ካርድ ይሰጣል፤ ካርዱን ሳጥኑ ላይ ሲያስጠጉት ውሃው ይወርዳል፤ ማን ስንት ሊትር እንደቀዳ ሰብሳቢው በስልኩ ያያል። ሁለተኛው ሻጭ በአውቶቡስ መጥቶ፣ የቀረውን መንገድ በእግሩ የጨረሰ ሰው ነበር። የእሱም ፓምፕ በሶላር ይሠራል፤ ነገር ግን ካርድም ሳጥንም የለውም። ሰውየው ጆንያ አንጥፎ ፓምፑን ብሎን በብሎን ፈታው፤ ከዚያም እዚያው ገጠመው። «ከመካከላችሁ ሁለት ሰው ስጡኝ፤ ሁለት ሳምንት አብሬያቸው ተቀምጬ አስተምራቸዋለሁ። መለዋወጫው ገበያ በምትወጡበት ከተማ ይገኛል» አለ።

ሰብሳቢው ያን የተበታተነ ብረት ሲያይ ልቡ ደነገጠ። ለዚህ ሕዝብ አራት ዓመት የለፋሁት ለዚህ ነው ወይ አለ በሆዱ። ነጩ ሳጥን ግን ዓይኑን ማረከው። የከተማ ሰው የሚጠቀምበት ነገር ለእኛም ይገባናል ብሎ አሰበ። ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ነበር፤ ይህንንም ልብ በይልኝ።

በትምህርት ቤቱ ግቢ ስብሰባ ተደረገ። ከሴቶቹ መካከል አንዲት ሸክላ ሠሪ ተነሣች። ሸክላ ያለ ውሃ አይሠራምና ከማንም ይልቅ ወደ ወንዙ የተመላለሰችው እሷ ነበረች። በዚያ አገር ሸክላ ሠሪ በስብሰባ ላይ ብዙ አትናገርም፤ ብትናገርም ብዙ አትሰማም። ወደ መጀመሪያው ሻጭ ዞራ፣ «ጌታዬ፣ የተበላሸ ቀን ማን ይከፍተዋል?» አለች።

ሻጩ አፉን ከመክፈቱ በፊት ሰብሳቢው መለሰላት። «አንቺ፣ ይሄ የቴክኒክ ጉዳይ ነው። እኛ አይተነዋል፤ ቁጭ በይ።»

ተቀመጠች። ነጩ ሳጥን ተመረጠ።

አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንደተባለው ሆነ። ውሃው መንደሩ መሃል ቀረበ፤ ሴት ልጆች ትምህርት ቤት ዋሉ፤ አሮጊቶች ሰብሳቢውን በመንገድ ሲያገኙት ቆመው መረቁት። እሱም በየማለዳው ሥራ ከመግባቱ በፊት በዚያ በኩል ያልፍ ነበር። ምንም የሚያደርገው ነገር የለም፤ ብቻ ሴቶቹ ሲቀዱ ያያል።

በመጋቢት፣ ሙቀቱ በበረታበት ሰሞን፣ አንድ ማክሰኞ ካርዶቹ እምቢ አሉ። ሳጥኑ ላይ ቀይ መብራት በራ። ሰብሳቢው ወደ ድርጅቱ ደወለ። ስልኩን ያነሣው ወጣት በጣም ትሑት ነበር። «ድርጅታችን ለሌላ ድርጅት ተላልፏል። የእናንተ ሳጥን የድሮው ሲስተም ላይ ነው፤ ከአዲሱ ጋር አይናበብም። ባለሙያ ሲመደብ እንደውላለን።»

«ውሃው እኮ ከታች አለ» አለ ሰብሳቢው። «ሶላሩም ይሠራል። የተበላሸ ነገር የለም።»

«ልክ ነው፤ አልተበላሸም» አለ ወጣቱ። «የተዘጋው ከእኛ የሚላከው የመክፈቻ ፈቃድ ነው።»

በማግስቱ ደወለ፤ በሦስተኛው ቀንም ደወለ። መንደሩ ውስጥ ያለው ብረት ቀጥቃጭ ሳጥኑን ሊከፍት ሞከረ፤ የሳጥኑ ብሎን ግን እሱ በሚያውቀው መፍቻ የሚፈታ አልነበረም። እንዳይሰበር ደግሞ ፈሩ፤ ከተሰበረ ድርጅቱ ፈጽሞ አይጠግነውም ተብሎ በውሉ ላይ ተጽፏልና። በውሉ ላይ የፈረመው ሰብሳቢው ራሱ ነው። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን አዝለው ወደ ወንዙ ተመለሱ።

በዘጠነኛው ቀን የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ከወንዝ ስትመለስ ቁልቁለቱ ላይ አዳለጣት። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ሴቶች ተሸክመው ቤቷ አደረሷት፤ እሷ ተረፈች፤ ሕፃኑ ግን ሞቶ ተወለደ።

ሰብሳቢው ለቅሶ ሊደርስ ሄደ። በመንገድ ላይ እናትየዋ የምትለውን ሁሉ እያሰበ፣ የሚመልሰውን እያዘጋጀ ነበር። ድርጅቱ ነው፤ ውሉ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ። ቤቷ ሲገባ ግን ሸክላ ሠሪዋ አልሰደበችውም። ወንበር ሰጠችው። ከዚያም ለእንግዳ ደንብ ነውና ውሃ ልታቀርብለት ተነሣች፤ በእንስራው ውስጥ የቀረችውን፣ አሸዋ ያደፈረሳትን ውሃ አንጠፍጥፋ በጣሳ ሰጠችው። እስከ አሸዋዋ ጠጣት።

ጣሳውን መልሶላት ተነሣ። ደጃፉ ላይ የነበረውን ባዶ ጀሪካን አነሣና ወደ ወንዙ መንገድ ጀመረ።

በዚያ አገር ወንድ ውሃ አይቀዳም። ልጆች እየጠቋቆሙበት ተከተሉት፤ ጓደኞቹ ከሩቅ አይተው ፊታቸውን አዞሩ። እሱ ግን ወረደ፤ ከሴቶቹ ጋር ተራ ጠብቆ አሸዋውን ቆፈረ፤ ሞላና ተሸከመ። ሲመለስ ልጅቱ የወደቀችበት ቦታ ላይ ጀሪካኑን አወረደ። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። አብረውት የነበሩት ሴቶች ቆመው ጠበቁት።

ውሃውን ሸክላ ሠሪዋ ቤት ሲያደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ አላት። «ያን ቀን የጠየቁትን ጥያቄ እኔ መልሱን ሳላውቅ መለስኩልዎ» አለ።

ሴትዮዋ ውሃውን ወደ እንስራው ገለበጠች። «እኔ ማሽን አላውቅም» አለች። «የሠራሁት እንስራ ሲሰነጠቅ ግን መታ መታ አድርጌ ስንጥቁ የት እንዳለ በድምፁ አውቃለሁ። ያ ሳጥን ሲመታ የሚነግረኝ ነገር አልነበረውም። ለዚህ ነው የጠየቅሁት።»

በማግስቱ ሰብሳቢው ሕዝቡን ጠራ። የሆነውን ሁሉ ሳያሳምር ተናገረ፤ እሷን ቁጭ በይ ማለቱንም ጭምር። ከሥልጣኑ እንዲያነሱት ጠየቀ፤ አነሱት። ይቅር ያሉት ነበሩ፤ ይቅር ያላሉትም ነበሩ፤ የሞተው ሕፃን አባት እስከ ዛሬ ሰላም አይለውም። ሰውየውም ይህ ተገቢ ነው ብሎ ተቀብሎታል።

ከዚያ በኋላ በአውቶቡስ የመጣውን ሻጭ ሊፈልግ ከተማ ለከተማ ዞረ። በስድስተኛው ቀን አገኘው። ሻጩ መጣና፣ «ሶላሩ ደህና ነው፤ ቱቦውም ደህና ነው፤ ይህን አንጥለውም» አለ። ሳጥኑንና ከእሱ ጋር የተቆራኘውን ፓምፕ ብቻ አንሥቶ የራሱን ፓምፕ ከተራ ማብሪያ ማጥፊያ ጋር ገጠመ። ሁለት ሳምንት ተቀምጦ ሸክላ ሠሪዋንና አንዲት ሌላ ሴት አስተማረ። በሚቀጥለው ዓመት ፓምፑ በገበያ ቀን ቆመ። ሁለቱ ሴቶች ፈቱት፤ ያለቀውን ጎማ ቀየሩ፤ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ውሃው ወረደ። በዚያ ቀን ማንም ስልክ አልደወለም።

እንግዲህ ልጄ፣ የአንቺ ነገር እንዲህ ነው። ውሃው የበሽተኞችሽ መዝገብ ነው፤ የየትኛዋ እናት ደም ግፊት ከፍ እንዳለ፣ የየትኛው ሕፃን ክትባት እንደቀረ የሚናገረው። ሦስቱ ድርጅቶች ያመጡልሽ ፕሮግራም ደግሞ ፓምፑ ነው። አዲስ ነገር አትግዢ አልልሽም፤ ወደ ወረቀት ተመለሺም አልልሽም፤ በዚያ መንደር ያዳናቸውም በሶላር የሚሠራ ማሽን ነው። የትኛው ያምራል፣ የትኛው ብዙ ይሠራል ብለሽ ከመጠየቅሽ በፊት ግን፣ ድርጅቱ ነገ ቢዘጋ መዝገቡ በእጄ ይቀራል ወይ ብለሽ ጠይቂ። የቆመ ዕለት እዚሁ ያለነው ሰዎች ልናስነሣው እንችላለን ወይ፣ ካልቻልንስ እስኪነሣ ድረስ ነፍሰ ጡሯን በምን እናያታለን ብለሽ ጠይቂ። መልሱን በጽሑፍ ያልሰጠሽን ሰው፣ ዕቃው ወርቅ ቢሆን አሰናብቺው።

ደግሞም ሻጮቹን ስታነጋግሪ ብቻሽን አትግቢ። ካርድ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስም ስትጽፍ የምትውለውን፣ በስብሰባ የማትናገረውን ሴት ይዘሻት ግቢ። እሷ ስትጠይቅ አንቺ አትመልሺላት።