አባታቸውን የሚጠብቁ ሁለት እኅትማማቾች

አንድ ሰው ነበረ። ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሩት። ጉልበተኛ ተነሣበትና ርስቱን ነጥቆ ከአገር አስወጣው። ሲወጣም ልጆቹን «እመለሳለሁ፤ ርስታችሁም ይመለሳል» አላቸው።

ዘመን አለፈ። ታላቂቱ ለአጨዳ ቆላ በወረደችበት ሰሞን አንድ የተጎሳቆለ መንገደኛ መጣ። ታናሺቱ እግሩን ስታጥበው አባቷ መሆኑን አወቀች። አድሮ፣ «ደግሜ እመጣለሁ» ብሏት ሄደ።

ታላቂቱ ስትመለስ ሁሉን ሰማች። «ርስታችንስ?» አለች።

«ገና ነው።»

«እንግዲያ አባታችን አይደለም። እሱ የመጣ ዕለት በሰው መሬት ማደራችን ያበቃል።»

«በእጄ ነው እግሩን ያጠብኩት።»

ሁለቱም ከቃላቸው ንቅንቅ አላሉም። የታናሺቱ ልጆች ሲያድጉ አክስታቸውን «አባቷን የካደች» እያሉ ይሰድቧት ጀመር። በመጨረሻም በክረምት ዝናብ ከቤት አስወጧት። እናታቸው አየች፤ አልከለከለቻቸውም።

ታናሺቱ አረጀች። አንድ ቀን እንደ ልማዷ ለአባቷ መደቡ ላይ አጎዛ ስታነጥፍ፣ ሲገባ ምን እንደሚላት አሰበች። «እኅትሽስ?» ነው የሚላት። ምርኩዟን ይዛ ወጣች።

ታላቂቱን ከመንደሩ ዳር፣ ዘማማ ጎጆ ውስጥ አገኘቻት። እሷም ለአባቷ አጎዛ አንጥፋለች።

«ነይ፣ ወደ ቤት እንግባ።»

«መጥቶ ነበር እንድልሽ ነው?»

«አይደለም። እኔም ያየሁትን አልተውም፣ አንቺም ቃሉን አትለቂም። አብረን እንጠብቀው።»

ታላቂቱ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። «ደክሞኛል፣ እኅቴ። መጀመሪያ ልጆችሽን አስተምሪ። ያን ጊዜ እመጣለሁ።»

ታናሺቱ ብቻዋን ተመለሰች። ልጆቿንም ሰብስባ ስለ አክስታቸው ትነግራቸው ጀመር።

ልጄ፣ አይሁድና እኛ ክርስቲያኖች ስለ መሲሕ ስንለያይ እውነቱ ከማን ጋር ነው ብለህ ጠይቀኸኛል። እኔ መጥቷል ብዬ አምናለሁ፤ በዚሁም እሞታለሁ። እነሱ ግን መጥቶ ቢሆን ኖሮ ዓለም እንዲህ ባልሆነ ነበር ይላሉ። በደጅ ያለውን ግፍ ሳየው፣ ይህን የሰነፍ ነገር ነው ልል አልችልም። አንተ ግን ከእነዚያ ልጆች አንዱ ነህ። አክስትህ ዛሬም ዳር ላይ ተቀምጣለች። ይኸው እናንተን ስናስተምር አረጀን፤ እሷም ገና አልመጣችም።