ስምንተኛው የቢያድግልኝ ነው

ጠጋ በሉማ ልጆች፤ ይሄ የሆነው አባቴ ገና ሱሪ ሳይታጠቅ፣ ጎሽ ውሃ በሚባል አገር ነው።

እዚያ ቢያድግልኝ የሚባል ደብተራ ነበረ። አባቱ ቀጥቃጭ፣ እናቱ ሸክላ ሠሪ። ቅኔ ቢቀኝ፣ ብራና ቢጽፍ፣ ማን ከሰው ቆጥሮት! በድግስ ሰው ሁሉ በዋንጫ ሲጠጣ ለእሱ ሽርፍ ቅል ይሰጡታል። ይጠጣል፣ ይመርቃል፣ ይከፋዋል። ለምን አይከፋው?

ሽማግሌዎች ልጅ ሲድሩ፣ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ቢያድግልኝ ከሰባቱ በላይ ያለውን፣ የእያንዳንዱን ሰው ስምንተኛ አያት ጠየቀ። ከባልቴት ባልቴት ዞረ። ጠየቀ፣ ጻፈ፣ ጠየቀ፣ ጻፈ። ዘጠኝ ዓመት ፈጀበት። ብራናውን ለአገሩ ዳኛ ለባላምባራስ እሸቴ ወሰደላቸው። ባላምባራስ ሳያዩት ሳቁ።

«የሸክላ ሠሪ ልጅ ደግሞ የእኔን ዘር ሊቆጥር?» አሉ።

ቢያድግልኝ ብራናውን ጠቅልሎ ከግድግዳው ላይ ሰቀለው።

ኋላ የባሕር ማዶ ሰዎች አገሩን ያዙ። ሹማቸው መጣ፤ የሰው ጭንቅላት በብረት ይለካል። «ዘሩ የጠራ መሬቱን ይያዝ፣ ዝቅተኛው ቆላ ይውረድ» አለ። ባላምባራስ ፈጠን ብለው ወደ ቀጥቃጮቹ ጠቆሙ። ቆላው ወባ ነው። የቢያድግልኝ እናት አርጅተዋል፤ እዚያ ወርደው አንድ ክረምት አይሻገሩም።

በማግስቱ አገሩን ገበያው ላይ ለሁለት ከፈሉት፤ ባለ ርስት በቀኝ፣ ባለ እጅ በግራ። ቢያድግልኝ ብራናውን ይዞ መሃል ቆመ። አነበበ። የባላምባራስ ስምንተኛ፣ ማረሻ ቀጥቃጭ። የቄሰ ገበዙ ስምንተኛ፣ ሸክላ ሠሪ። የቀጥቃጮቹ ስምንተኛ፣ ባለ ርስት። የባላምባራስ አክስት ከቀኝ በኩል ተነሡ።

«እውነቱን ነው። እኔው ነኝ የነገርኩት» አሉና ተሻግረው ከሸክላ ሠሪዎቹ ጋር ተቀመጡ።

ቄሰ ገበዙ ተከተሉ። ሌላው ተከተለ። በመጨረሻ ባላምባራስ፣ ከሐፍረት ይሁን ከፍርሃት እንጃላቸው፣ አንገታቸውን ደፍተው ተሻገሩ። በቀኝ ሰው ጠፋ። አገሩ ሁሉ ቆላ ቢወርድ ማን አርሶ ያብላው? ሹሙ ብረቱን ሰብስቦ ሄደ።

«እፎይ፣ ዛሬስ እተኛለሁ» አሉ እናትየው። እሱም አለቀሰ፤ የደስታ ነው።

ቢያድግልኝ ሹመት አላገኘም፤ መቃብሩንም የሚያውቅ የለም። ግን እስከ ዛሬ በጎሽ ውሃ ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ቆጥረው ሲጨርሱ «ስምንተኛው የቢያድግልኝ ነው» ይላሉ። ያን ጊዜ ዋንጫው ወደ ጎን ይደረግና ሽርፉ ቅል ይዞራል። መጀመሪያ የሚጠጣውም የባላምባራስ ዘር ነው።