ድምፅ ያለው ወንበር

«በልጄ የገዛኸው ወንበር ላይ ልትቀመጥ ነው?» አለችው ውድነሽ ታናሽ ወንድሟን ይርዳውን።

«ለልጅሽ ከተማ የመጣ ወንበር ነው፣ እትዬ» አላት። ቀና ብሎ ግን አላያትም።

በአንድ ወቅት፣ ዘጠኝ አውራጃዎች ባሉት አገር፣ ከአንዳቸውም ያልሆነች ዋና ከተማ ነበረች። ሕዝቧ ይገብራል፣ ልጆቹን ለጦር ይሰጣል፤ በምክር ቤቱ ግን ድምፅ የለውም። አሁን ድምፅ ያለው አንድ ወንበር ተፈቀደላት። ለወንበሩ የደከሙት ሦስቱ የአንድ እናት ልጆች ምክር ቤቱ በር ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ገብተው የሚቀመጥበትን ሰው አንድ ስም እንዲያመጡ ታዘዙ።

ታላቅየው ማንያህልሃል ስለ ከተማዋ ሊናገር ምክር ቤቱ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ያለ ድምፅ ተቀምጧል። መናገር ይፈቀድለታል፤ እጅ ሲወጣ የእሱ ጉልበቱ ላይ ይቀራል። ሚስቱን በቀበረ ማግስት እንኳ በጥቁር ልብሱ ገብቶ ስለ ከተማዋ ውሃ ተናገረ። የሰማው የለም። እሱ ባይኖር ግን ከተማዋ ድሮ በተረሳች ነበር።

ውድነሽ ከተማዋ ወንበር ይሰጣት ብላ ፊርማ ሰበሰበች። መጀመሪያ የከተማው ሰው «ከየት ነህ?» ሲባል እንደ ልማዱ የአያቱን መንደር አስመዘገበ። ምክር ቤቱ ሳቀ፤ ሁሉም አውራጃ አለው፣ ከተማዋ ሰው የላትም ብሎ መዝገቡን መለሰ። አራት ዓመት እንደገና ቤት ለቤት ዞረች። «አያትህን ተወው፤ አንተ የምታድረው የት ነው?» ሰማንያ ሺህ ሰው «እዚሁ» ብሎ ፈረመ።

ይርዳው ጥሏቸው ሄደ። ቆላ ወርዶ መታወቂያ ቀየረ፣ የዚያ አውራጃ ተወካይ ሆኖ ተመረጠ። ከዚያ ተደራደረ፦ አውራጃዎቹ ወንበሩን ይደግፋሉ፣ እሱ ወጣቶችን ወደ ጦር የሚልከውን የዘመቻ አዋጅ። ሁለቱም አለፉ። የውድነሽ የበኩር ልጅ በዘመተ በሦስተኛው ወር ሞተ። ሬሳው አልመጣም።

ዛሬ አዋጁ ይታደስ አይታደስ በሚለው ላይ ድምፅ ይሰጣል። ተወካዮቹ እኩል ለእኩል ተከፍለዋል፤ የሚወስነው አዲሱ ወንበር ነው። የውድነሽ ሁለተኛ ልጅ ስሙ ከተረኛ ዘማቾች መዝገብ ገብቷል። ይርዳው ደግሞ የወንበሩን የመጀመሪያ ድምፅ ለአዋጁ ቃል ገብቷል። ቃሉ ከታጠፈ አውራጃዎቹ ወንበሩን መልሰው ይነጥቁናል አለ።

ማንያህልሃል ለእኔ ስጡኝ፣ ሁለቱንም ወገን ሰምቼ እወስናለሁ አለ።

«አንተማ ጋሼ፣ እጅህን መቀመጥ አስለመድከው» አለችው ውድነሽ።

የምክር ቤቱ ጸሐፊ የበሩን እጀታ ይዞ ብቅ አለ። «አንድ ስም» አላቸው። ሦስቱም በአንድ ጊዜ የየራሳቸውን ስም ጠሩ።

እናንተስ፣ ወንበሩ ለማን ይገባል ትላላችሁ?

ጸሐፊው በሩን መልሶ ዘጋባቸው።