አንድ እግር ከሚዛን ውጪ

አንድ በኮምፒውተር የሚጫወቱ ሰዎች ማኅበር ነበር። አባላቱ በየከተማው ተበታትነው ይኖሩ ነበርና የሚገናኙት በኢንተርኔት ነው። ጨዋታቸው ቀላል ነበር። ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ሁለት ምሽጎች አሉ፤ በመካከላቸው አንድ ጠባብ ድልድይ። አምስት ሰው ከዚህ፣ አምስት ሰው ከዚያ ይሰለፋል። ድልድዩን ተሻግሮ የሌላውን ነጋሪት የማረከ ቡድን ያሸንፋል።

ማኅበሩ የሚኮራበት አንድ ሕግ ነበረው። ጎበዝ ጎበዙ ባንድ ወገን እንዳይሰበሰብ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩን «ክብደት» ይሉታል። በምርጫው ቀን አለቆች በየተራ አንድ አንድ ሰው እየጠሩ ቡድናቸውን ያዋቅራሉ፤ የአምስቱ ክብደት ተደምሮ ግን ከመቶ መብለጥ አይችልም። ከባድ ሰው የወሰደ አለቃ ቀሪውን ቦታ በቀላል ሰው ይሞላል። ክብደቱን የሚሰጡት አቶ ወንድይፍራው የሚባሉ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ነበሩ። «ሚዛን ያዡ» ይሏቸዋል። ለማንም የማያደሉ፣ ከማንም ሻይ እንኳ የማይቀበሉ ሰው ነበሩ።

ሚዛን ያዡ የሚመዝኑት ከውድድሩ በፊት ባለው አንድ ሳምንት ብቻ ነበር። ሕጉን ያወጡት ሰዎች «ሰው ዓመቱን ሙሉ እየተመዘነ አይጫወት» ብለው በቅንነት ያደረጉት ነው። ቅን ሰው ያወጣውን ሕግ ግን ብልጥ ሰው ለማጣመም ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

ብልጦቹ በመመዘኛው ሳምንት አውቆ የተኛ ተጫዋች ቀላል ቁጥር እንደሚያገኝ ገባቸው። ቀላል ቁጥር ያለው ጎበዝ ደግሞ አለቃ ሁሉ የሚሻማበት ሰው ነው። ስለዚህ በዚያ ሳምንት ድልድዩ ላይ የሚታየው ጉድ ነበር። አሥር ጀግኖች ፊት ለፊት ቆመው በማይክሮፎን ይግደረደራሉ።

«እለፍ!»

«ኧረ አንተ እለፍ!»

«በሞቴ!»

«እኔ ልሙት፣ አንተ ካላለፍክ አላልፍም!»

አንዱ ጠላት ሳይነካው ሮጦ ወንዝ ይገባል። ሌላው ነጋሪቱ አጠገብ ደርሶ እጁ ይያዛል። ሚዛን ያዡም የታያቸውን ይመዘግባሉ፤ አሥራ ሁለት፣ ዘጠኝ፣ ሰባት። ውድድሩ ሲጀመር እነዚያው በሽተኞች ነብር ሆነው ይነሳሉ።

አስካለ የምትባል አንዲት ሹራብ ሠሪ በዚህ ማኅበር ውስጥ ነበረች። ዕድሜዋ ከአርባ አልፏል፤ ጣቶቿ ግን ቀኑን ሙሉ መርፌ ሲያሯሩጡ ስለሚውሉ ፈጣን ነበሩ። እርሷ መተኛት አልቻለችም። በመመዘኛውም ሳምንት እንደ ሁልጊዜዋ ትጫወት ነበር። ስለዚህ ክብደቷ እየናረ ሄደ፤ በምርጫው ቀንም የሚሸከማት አለቃ ጠፋ። ሁለት ዓመት በተከታታይ ሳትመረጥ ቀረች። የማኅበሩ ደንብ ሦስት ጊዜ ሳይመረጥ የቀረ ሰው ስሙ ለዘለዓለም ይሰረዛል ይላል። አሁን ሦስተኛው ዓመት መጣ።

እንደ እርሷ ሁለት ጊዜ የቀረ ሌላ ሰውም ነበር። ጋሽ ምንዳ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና መሪ ላይ የጨረሱ ሾፌር ናቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ድልድዩን ለማግኘት ራሱ ይቸገራሉ። ግን ከልባቸው ይጫወታሉ። ክብደታቸው ሰባት ነበር። እርሳቸውን ያስቀራቸው ክብደት አልነበረም። በሰባት የሚገዛ የተኛ ነብር እያለ እውነተኛ ሰባትን ማን ይወስዳል?

በሦስተኛው ዓመት የመመዘኛው ሳምንት ሊጀመር ሲል ደርቤ የሚባለው አለቃ አስካለን በጆሮ ማዳመጫዋ ለብቻዋ አነጋገራት። ደርቤ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ዋንጫ የወሰደ ወጣት ነው።

«እትዬ አስካለ፣ እስቲ ስሚኝ። ዘንድሮ ሦስተኛሽ ነው።»

«መቁጠር እችላለሁ።»

«አንድ ሳምንት ብቻ ተኚ። ሻይሽን ጠጪ፣ ልብስሽን እጠቢ። ሃያ ላይ ውረጅልኝና መጀመሪያ የምጠራው ያንቺን ስም ነው። የእናቴን አጥንት!»

«እናትህን ተዋቸው።»

«ምን ትጎጂያለሽ? ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው እኮ።»

«ሁሉም የሚያደርገው ከሆነ እኔ አንዷ ባላደርገው ምን ይጎድላችኋል?»

«ይጎድለናላ! አንቺ ብቻሽን እየሮጥሽ ነጋሪት ስትማርኪ እኛ ሞኝ እንመስላለን።»

«መምሰሉንስ አልፋችሁታል።»

ደርቤ ተናደደ። «እንግዲያው ከነኩራትሽ ተሰረዢ!»

«እሰረዛለሁ» አለች አስካለ፤ «አልተኛም።»

አልተኛችምም። «በሞቴ» በሚባባሉት ሰዎች መካከል እያለፈች በዚያ ሳምንት አሥራ አንድ ጊዜ ነጋሪት ማረከች። ሚዛን ያዡ ሃምሳ ስምንት ብለው መዘገቡላት። በማኅበሩ እንዲህ ያለ ክብደት ታይቶ አያውቅም።

የምርጫው ቀን አባላቱ በዓመት አንድ ጊዜ ፊት ለፊት የሚገናኙበት ቀን ነው። በአንድ የኪራይ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ሚዛን ያዡ ቁጥሮቹን አነበቡ። አስካለ ጋ ሲደርሱ አንዱ ከኋላ «ይቺንስ ክሬን ያንሳት!» አለና አዳራሹ ሳቀ። ልዑልሰገድ የሚባለው፣ ባለፈው ዓመት ደርቤን ለዋንጫ ያበቃው ልጅ፣ ዘንድሮ ሰባት ሆነ። ጋሽ ምንዳም ሰባት።

ንባቡ ሲያልቅ የማኅበሩ ልማድ አለ። ሚዛን ያዡ ይነሱና «ቅሬታ ያለው!» ይላሉ። ሁሉም ባንድ ድምፅ «የለም!» ይላል። ከዚያ ምርጫው ይጀመራል።

«ቅሬታ ያለው!» አሉ አቶ ወንድይፍራው።

«የለም!» አለ አዳራሹ።

«አለ» አለች አስካለ፤ ተነስታ ቆመች።

«ከባዷ ተነሳች፣ ወንበሩ ተረፈ!» አለ ያው የኋላው ሰውዬ። አስካለ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«አቶ ወንድይፍራው፣ ጋሽ ምንዳ ስንት ናቸው?»

«ሰባት።»

«ልዑልሰገድስ?»

«እሱም ሰባት።»

«እኩል ናቸው ማለት ነው?»

«በእኔ ሚዛን፣ አዎ።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ብቻ ልለምን። ዛሬ መጀመሪያ የሚመርጠው ደርቤ ነው። በሁለቱ ሰባቶች መካከል ዕጣ ይጣልለት፤ የደረሰውን ሰባት ይውሰድ።»

ደርቤ ከወንበሩ ዘለለ። «ዕጣማ አይሆንም!»

«ለምን?»

«ለምን ይባላል እንዴ! ጋሽ ምንዳን ይዤ እንዴት አድርጌ ነው የማሸንፈው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ሳቁ ባንድ ጊዜ ቆመ። ደርቤ ምን እንዳለ የገባው ዘግይቶ ነው፤ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ጋሽ ምንዳም «ልጄ፣ አልተቀየምኩህም» አሉ። «ሁለት ዓመት ለምን እንደምተርፍ ሲቸግረኝ ነበር፤ ዛሬ ነገርከኝ።»

ሚዛን ያዡ ፊታቸው ቀላ። «እኔ ምን ላድርግ? ሚዛን የተጫነበትን ነው የሚናገረው» አሉ።

አስካለ ግን አልተቀመጠችም። «መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግቶ ሰው የሚመዝን አይተው ያውቃሉ? ተመዛኙ አንድ እግሩን መሬት ላይ ትቶ ሚዛኑ ላይ ቢወጣ ባለሚዛኑ ምን ይለዋል? "ወንድሜ፣ ሁለቱንም አውጣ" ይለዋል። ያ ድሃ ይህን የሚያውቀው ከቁጥሩ በፊት እግር ስለሚያይ ነው። እርስዎ ሦስት ዓመት ቁጥር ብቻ አዩ።»

አለቆቹ መጮህ ጀመሩ። «ሕጉ ከተነካ ማኅበሩን ጥለን እንወጣለን!» አሉ።

«ውጡ» አለች አስካለ። «በሩ አይመዝንም፤ ሁሉንም ያሳልፋል።»

አንድም የወጣ አልነበረም።

አቶ ወንድይፍራው በመዝገባቸው ላይ ሁለቱን ሰባቶች በጣታቸው ነኩ። «ሰባትና ሰባት እኩል ካልሆኑ» አሉ፣ «እኔ ስመዝን የኖርኩት ምንድን ነው?» ከዚያም መዝገቡን ዘጉ። «ዛሬ ምርጫ የለም። የመመዘኛ ሳምንት የሚባልም ከእንግዲህ የለም። ለዋንጫ ስትጫወቱ የሠራችሁትን ሁሉ ኮምፒውተሩ ይዞታል፤ የምመዝናችሁ በእርሱ ነው። ወደፊትም እያንዳንዱ ግጥሚያ ይመዝናል።» ወደ አስካለ ዞሩ። «አንቺ ግን የዋንጫ ግጥሚያ ካደረግሽ ሁለት ዓመት ሆነሽ። ሃምሳ ስምንቱን ያገኘሽው ከተኙ ሰዎች ጋር ተጫውተሽ ነው። አንቺንም እንደ ጋሽ ምንዳ ከነቁ ሰዎች ጋር አጫውቼ ስመዝንሽ ቁጥርሽ ሊወርድ ይችላል።»

«ይውረድ» አለች አስካለ። «የራሴ ይሁን እንጂ።»

ሁለት ሳምንት ፈጀ። ልዑልሰገድ ከሰባት ወደ ሃምሳ አንድ ወጣ። ደርቤ ከሃያ አራት ወደ አርባ አራት። አስካለ ከሃምሳ ስምንት ወደ አርባ አንድ ወረደች። ጋሽ ምንዳም ከሰባት ወደ አራት ወረዱ፤ «ሰባትማ በዝቶብኝ ነበር፤ ዝም ያልኩት ደስ ብሎኝ ነው» አሉ።

ያኔ ነው ሰው ሁሉ ያላሰበው ነገር የተገለጠው። የተኙት ሰዎች ራሳቸውን ብቻ አላቀለሉም። የነቃችውን ሴት ከእውነተኛ ክብደቷ በላይ አክብደዋት ነበር። ሁለት ዓመት ያስቀራት ያ ትርፍ ክብደት የእርሷ አልነበረም፤ እነርሱ ያራገፉት ነው።

ምርጫው ተደረገ። አስካለ ሦስተኛ ተጠራች። የጠራት አለቃ አራት ሰው ይዞ ዘጠና ስድስት ላይ ደረሰ። የቀረው አራት ብቻ ነው፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ አራት የሚመዝን ሰው አንድ ነበር። «ጋሽ ምንዳ!» ብሎ ተጣራ። ሽማግሌው ሰምተውም እንዳልሰሙ ሆኑ፤ ስማቸው እንደገና እንዲጠራ ፈልገው ነው።

የመጀመሪያው ግጥሚያ ከደርቤ ቡድን ጋር ሆነ። አስካለ ድልድዩ ላይ ደርቤን ፊት ለፊት አገኘችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእርሱ ጋር የተገናኘችው በመመዘኛው ሳምንት፣ ተኝቶ ሳለ ብቻ ነበር። ነቅቶ ሲመጣ ሌላ ሰው ሆነባት። ወደ ግራ የሄደ መሰለ፤ ተከተለችው። አልሄደም ነበር። ወንዙ ውስጥ ስትወድቅ የቡድኗ ነጋሪት በደርቤ እጅ ሲጎሰም ሰማች። ተሸነፉ። ክብደቷም በዚያው ሰዓት ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ።

የደርቤ ድምፅ በጆሮ ማዳመጫዋ መጣ። «እትዬ አስካለ! ያኔ ውረጂ ስልሽ እምቢ አልሽ። ይኸው ወረድሽ!»

«ወረድኩ።»

«ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?»

«ዛሬ ያወረደኝ የበለጠኝ ሰው ነው። ያኔ ሊያወርደኝ የፈለገው የፈራኝ ሰው ነበር።»

አስካለ አልጨረሰችም። «አንተስ ይህን ያህል እንደምትጫወት መቼ አወቅህ?»

«ዛሬ» አለ ደርቤ።

«ሁለት ዋንጫ ቤትህ አስቀምጠህ?»

«ሁለት ዋንጫ ቤቴ አስቀምጬ።»

«በል ተነስ፣ ሁለተኛውን ዙር እንጫወት» አለች። «"በሞቴ" ብትለኝ ግን ወየውልህ!»

ይህን ታሪክ የሰማ ሁሉ ስለ ጨዋታ ነው ብሎ እንዳያልፈው። ራሱን ያቀለለ ሰው ብቻውን አይቀልም፤ ያራገፈው ክብደት መሬት አይወድቅም፤ ሳይተኛ በቀረው ሰው ትከሻ ላይ ይወጣል። በመሥሪያ ቤት አሥሩ ሲያንቀላፉ አንዱ ለምን እንደሚጎብጥ ከዚህ ወዲያ አትጠይቁ። በእውነተኛ ደካማ ቦታ ላይ የሚቀመጠውም ደካማ መስሎ የመጣ ብርቱ ነው። ሚዛን የያዘም ሰው «እኔ ቁጥር ብቻ ነው የማየው» ብሎ ከደሙ ንጹሕ አይሆንም። ሁሉም አንድ እግሩን መሬት ላይ ትቶ በሚመዘንበት አገር ሁለቱንም እግሩን የሚያወጣ ሰው ይሳቅበታል፣ ክሬን ያንሳው ይባላል፣ ስሙን ለመሰረዝም ደንብ አይጠፋም። ይሳቁ። ይሰርዙ። በሁለት እግሩ ሚዛኑ ላይ ያለው ግን ማነው?

አንተ ይህን የምታነብ፣ አንቺም፣ ቁጥራችሁን አልጠይቃችሁም። ዝቅ ብላችሁ እግራችሁን ብቻ እዩ። ሁለተኛው የት ነው ያለው?