የትሁኔ መድረክ

መድረክ ማለት አንድ ሰው ብዙ ሰው እንዲያየውና እንዲሰማው ከመሬት ከፍ ብሎ የሚቆምበት ቦታ ነው። በሰኞ ገበያ ከተማ ዳርቻ፣ ወንዙ አጠገብ ያለው የድንጋይና የአፈር ጉብታ በዚህ ትርጉም ከሄድን መድረክ ሊባል አይገባውም፤ ነዋሪው ግን «የትሁኔ መድረክ» ይለዋል። በዚሁ ከተማ ሠርግ ሲደገስ አንድ ሰው ተነሥቶ ሳይዘፍን ማዕድ አይቀርብም፤ ምክንያቱን የጠየቀ እንግዳም ጉብታው ይጠቆመዋል።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ በሰባዎቹ ዓመታት ክረምት በገባ ቁጥር የሙዚቃ ፌስቲቫል በካሚዮን ተጭኖ ከከተማ ከተማ ይዞር ነበር። በደረሰበት ሁሉ የአገሬውን ዘፋኝ ይሰማል፤ ድምፁ የተወደደለትንም አሳፍሮ ለመዝጊያው ዝግጅት አዲስ አበባ ያደርሳል። ትሁኔ ጨው ቸርቻሪ ነበረች። ገዢ የምትጠራው በዜማ ስለነበር፣ ሰው ቆሞ ይሰማትና ጨዉን ረስቶ ይሄዳል፤ ንግዷም በዚያው ልክ ነበር ይባላል። ፌስቲቫሉ ሁለት ክረምት ወንዙ ሞልቶበት ከማዶ ተመልሷል። በሦስተኛው ይመጣል ሲባል ከተማው ድንጋይ ተሸክሞ መድረክ ሠራላት፤ እሷም የቀራትን ጨው በሙሉ ለእንግዶቹ ወጥ ሰጠች።

«ከእንግዲህ ጨው አልሰፍርም» አለች።

ካሚዮኑ እኩለ ቀን ላይ ወንዙን ተሻግሮ ደረሰ፤ በወንዙ ራስ በኩል ግን ሰማዩ ጠቁሯል። የቡድኑ መሪ ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር ወደ አቶ ሞላልኝ ዞሮ፣ «ጓድ፣ ደራሽ ውሃ ሳይቀድመን ዘፋኟን እንስማና ይዘናት እንሂድ» አለ።

«ሰኞ ገበያ እንግዳ በባዶ ሆድ ሸኘ ሊያስብሉን ነው? አፈር ስሆን፣ መጀመሪያ ይቅመሱ!»

ትሁኔ የሀገር ልብሷን ለብሳ ከመድረኩ ሥር ቆማለች። «ጋሼ ሞላልኝ፣ እነሱ እየበሉ እኔ ልዝፈን» ብላ ለመነች።

«ሴትዮ፣ ለሚያኝክ ሰው ይዘፈናል? የሚሰማው የራሱን ጥርስ ነው። ታገሺ።»

ታገሠች። ወጡ ተደገመ፤ ምርቃትም ተከተለ፤ ምርቃቱ ረጅም ነበር ይባላል። «አሜን» እየተባለ ሳለ የወንዙ ድምፅ ተሰማና ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። እንግዶቹ ጉርሻቸውን እንደያዙ እየዘለሉ ተሳፈሩ፤ መሪው ከላይ ሆኖ፣ «እህቴ፣ ለከርሞ እንሰማሻለን!» አላት።

ትሁኔ ካሚዮኑን እስከ ወንዙ ተከተለችው፤ እሱ ለጥቂት ሲሻገር ደራሹ ከኋላው ሞላ። እንደሚነገረው፣ ዳር ላይ ቆማ መዝፈን ጀመረች፤ ውሃው ግን በለጣት። አጠገቧ የደረሱት እንኳ ያዩት የከንፈሯን መንቀሳቀስ ብቻ ነው።

ለከርሞ ፌስቲቫል የሚባል ነገር ቀረ፤ ለምን እንደቀረ ለሰኞ ገበያ የነገረ የለም። አቶ ሞላልኝ ከዚያ ወዲህ ዘፈን ከማዕድ እንዲቀድም ደነገጉ፤ በመጀመሪያው ሠርግም ትሁኔን ራሳቸው ሄደው ለመኗት።

«አሁንማ ርቦኛል፣ ጋሼ» ብላ ተቀመጠች።

ጨው መስፈሯን ቀጠለች፤ ገዢ ግን በዜማ አልጠራችም። ቆሞ የሚያዳምጥ ስለጠፋ ንግዷ ተሻሻለ ይባላል።

ከሞተች ቆይቷል። ወንዙ ሲሞላ ፍየሎች ከውሃው ሸሽተው ጉብታው ላይ ይወጣሉ። ዘፋኝ እስካሁን አልወጣበትም።